ነፋሳችንን ለጎረቤት ብንሸጥ የትኛው መንገድ ያዋጣናል?

ጥር ላይ ጉጉፍቱ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ገብሱ ተወቅቶ አውድማው ላይ ተከምሯል። ሰዉ ግን መንሹን ከጎኑ አጋድሞ ቁጭ ብሏል። ነፋስ እየጠበቀ ነው። «አምስት ሰዓት ሲሆን በዚያ በኩል ይመጣል» አሉኝ አጎቴ፣ በአገጫቸው የምሥራቁን ገደል እያሳዩኝ። እንዳሉትም መጣ። አንዱ ወጣት ተነስቶ በመንሹ ወደ ላይ ሲያዘራው ገለባው አጥሩን ተሻግሮ ሄደ፣ ፍሬው እግሩ ሥር ቀረ።

ምሳ ላይ ያው ወጣት ጠየቀኝ። «ይሄን ነፋስ መብራት አድርገን ለጅቡቲ ብንሸጠውስ? አንተ የመብራት ሰው አይደለህ?» ነኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። ግን ያን ቀን ጥሩ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ደግሞ የሱ ብቻ አይደለም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ሻይ ቤት ውስጥ የሚነሳ ነው። ስለዚህ እዚህ ቁጭ ብዬ በደንብ ልመልስለት።

መቻሉ ይቻላል። ችግሩ «እንዴት?» የሚለው ላይ ነው። ነፋስን ድንበር አሻግሮ ለመሸጥ ሁለት መንገድ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ገዢው በራሱ ምድር ሲተክል ነው። ሦስቱም በሌላ አገርም በኛም ሰፈር ተሞክረዋል፤ ለአጎቴ ቀበሌ የሚተርፈው ነገር ግን በጣም ይለያያል።

መጀመሪያ ያለንን እንወቅ። እስካሁን ወሎ ላይ የቆመ ትልቅ የነፋስ ማመንጫ የለም። በአገራችን የተተከሉት ትግራይ ውስጥ አሸጎዳ (120 ሜጋዋት)፣ አዳማ አንድና ሁለት (51 እና 153 ሜጋዋት)፣ አሰላ (100 ሜጋዋት) እና ጅቡቲ ድንበር አጠገብ ያለው አይሻ (120 ሜጋዋት) ናቸው። ወሎ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ መስመር። ከጅቡቲ ጋር መጀመሪያ የተገናኘነው እ.ኤ.አ. በ2011 በድሬዳዋ በኩል ነው፣ በ230 ኪሎቮልት። የሁለተኛው መስመር ፕሮጀክት መነሻ ደግሞ የኛው ኮምቦልቻ ነው፤ በሰመራና ድንበሩ ላይ ባለችው ጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ውስጥ ናጋድ የሚገባ። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንደኛው መንገድ፦ ተርባይኑ እዚህ፣ ሽቦው በቀጥታ ወደ ገዢው

ሜክሲኮ ውስጥ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ በሚባለው ግዛት፣ ኢነርሂያ ሲዬራ ሁዋሬዝ የሚባል ማመንጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀመረ፤ 47 ተርባይን (ነፋስ የሚያዞረው ማመንጫ ማሽን)፣ 155 ሜጋዋት። ተራራው የሜክሲኮ ነው፣ መብራቱ ግን በአጭር መስመር ድንበር ተሻግሮ ለሳን ዲዬጎ የኤሌክትሪክ ድርጅት ይሸጣል። ሲጀምር የተያያዘው ከአሜሪካ ግሪድ (የመስመር መረብ) ጋር እንጂ ከሜክሲኮ ጋር አልነበረም።

ላኦስም ይህንኑ አድርጋለች፣ በጣም በትልቁ። ሞንሱን የሚባለው ማመንጫ 133 ተርባይንና 600 ሜጋዋት አለው፤ በ500 ኪሎቮልት መስመር ለቬትናም ይሸጣል፤ ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 6.95 የአሜሪካ ሳንቲም። እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ገባ።

ባንኮች ይሄን መንገድ ይወዱታል። ገዢው አንድ ነው፣ ውሉ በዶላር ነው፣ የሻጩ አገር ግሪድ ቢወድቅም ተርባይኑ መሸጡን አያቆምም። ኩባንያ መጥቶ ይሄን ቢያቀርብላችሁ አትገረሙ። ለሱ ጥሩ ነው።

ለኛ ግን በር አንድ ብቻ ይሆናል። ገዢው «ዘንድሮ አልፈልግም» ካለ ወይም ዕዳ ካከማቸ ያንን መብራት ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ማዞር አይቻልም፣ ሽቦው እዚያ አይሄድማ። ሌላም አለ። እኛ ቤት መብራት በሄደበት ማታ ተራራችን ላይ ያሉት ቀይ መብራቶች ብልጭ ድርግም እያሉ፣ ክንፎቹ እየዞሩ፣ የሰው አገር ያበራሉ ማለት ነው። ይህንን ለአጎቴ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው አላውቅም።

ርቀቱም አያግዝም። ሲዬራ ሁዋሬዝ የተሳካው ድንበሩ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ከደሴ ተራራ እስከ ጋላፊ ግን አፋርን አቋርጦ መሄድ አለ። ያንን ሁሉ ለአንድ ማመንጫ ብቻ በግል መስመር መዘርጋት ዋጋውን ይበላዋል። እኔ ለወሎ አልመርጠውም። አይሻ ለመሳሰለው፣ ድንበሩ አፍንጫው ሥር ላለ ቦታ፣ ሊታሰብ ይችላል።

ሁለተኛው፦ መጀመሪያ ወደ ብሔራዊ ግሪድ፣ ከዚያ ወደ ውጭ

እስካሁን ኢትዮጵያ የምትሸጠው በዚህ መንገድ ነው። ውሃውም ነፋሱም ሁሉም አንድ ቋት ይገባል፤ ከቋቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለጎረቤት ይሸጣል። ለኬንያ የሚሄደው ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር በሆነ የ500 ኪሎቮልት መስመር ነው። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። ውሉ የተጀመረው በ200 ሜጋዋት ነው፣ በኪሎዋት ሰዓት በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ሽያጩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ።

አጎቴ ነፋስ የሚጠብቁት መቼ ነው? ከኅዳር እስከ ጥር፣ በበጋው። ያኔ ደግሞ ወንዙ ይጎድላል፣ ግድቡ ወደ ታች ይወርዳል። ክረምት ሲመጣ ተቃራኒው ነው፦ ውሃው ይሞላል፣ ደጋው ላይ ነፋሱ ይደክማል። ስለዚህ ነፋስና ውሃ እንደ ሁለት ወንድማማቾች ተራ ገብተው የሚያርሱ ናቸው። አሁን ጅቡቲን አስቡ። ጅቡቲ መብራት በጣም የምትፈልገው መቼ ነው? ሙቀቱ ሲከፋ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ፣ ሁሉም ቤት ማቀዝቀዣ ሲከፍት። ያ የኛ ክረምት ነው! የኛ ደጋ ነፋስ በሚደክምበት ሰዓት እሷ ትጠማለች።

በቀጥታ መስመር ብቻ ከሸጥንላት በማትፈልገው ወቅት ብዙ፣ በምትፈልገው ወቅት ጥቂት ልንሰጣት ነው። በግሪድ በኩል ከሆነ ግን በበጋ ነፋሱ እየሠራ የግድቡ ውሃ ይቆጠባል፤ በክረምት ውሃው ለሷ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም አለው። ይህን የሚያህል ባትሪ ያለው ጎረቤት የለም። ባትሪ ማለቴ ከልቤ ነው፤ ነፋስ ሲነፍስ ተርባይኑን ያዞረ፣ ውሃውን ያቆየ አገር ውሃውን እንደ ባትሪ እየተጠቀመበት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በሩ ሁለት መሆኑ ነው። ጅቡቲ ባትገዛ ኮምቦልቻ ይገዛል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆርቆሮው፣ ብረቱ አለ። ደሴ አለች። ተርባይኑ ባዶውን አይቆምም።

ጉድለቱን ደግሞ አልደብቅም። ገንዘቡ አንድ ቋት ስለሚገባ የወሎ ነፋስ ስንት እንዳስገኘ ለይቶ ለማወቅ ይከብዳል። ካልተለየ ደግሞ «ድርሻችን» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ሌላው፣ ግሪዱ ሲወድቅ ተርባይኑም ይቆማል። እነዚህ ማሽኖች በተለመደው አሠራር ከግሪድ ጋር ካልተያያዙ ነፋስ እየነፈሰም አይሰጡም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መስመር ሲቆረጥ ሰሜን ወሎ ወራት በጨለማ እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ ላስታ ላይ ተርባይን ቢኖር ኖሮ እንኳ ብቻውን ከተማ አያበራም ነበር። ስለዚህ ይህ መንገድ ሲመረጥ የመስመሩ ጥንካሬ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ያም ሆኖ ምርጫዬ ይሄ ነው።

ሦስተኛው፦ ገዢው በራሱ ምድር ሲተክል

ይሄን ባጭሩ ልለፈው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጉበት በሚባለው ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የራሷን ማመንጫ አስመርቃለች፦ 17 ተርባይን፣ 60 ሜጋዋት ገደማ። እኛ «ነፋስ እንሽጥላት» ስንል እሷም ነፋስ አላት ማለት ነው። ስለዚህ የሚያዋጣን ነፋስን ብቻ ይዞ መቅረብ አይደለም። እሷ የሌላት ውሃና ግድብ ነው፤ የምንሸጠው የማይቋረጥ መብራት ሲሆን ነው የምንፈለገው። ይሄም ወደ ሁለተኛው መንገድ ይመልሰኛል።

ቦታስ? አይሻ ወይስ የኛ ተራራ?

ወሎዬ ብሆንም እውነቱን ልናገር። ለጅቡቲ መሸጥ ብቻ ከሆነ ዓላማው አይሻ ይበልጠናል። ሜዳ ነው፣ ወደብ ቅርብ ነው፣ ድንበሩ እዚያው ነው።

የኛ ደጋ ሁለት ነገር ይከብደዋል። አንዱ አየሩ ነው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት የነፋስ ፍጥነት የሚወጣው ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። ግን ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፣ አብሽሩ። የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ ነው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ኃይሉ በ33 በመቶ ይጨምራል፤ እጥፍ ቢሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ሸንተረር ከተገኘ የሳሳው አየር ይካካሳል። ካልተገኘ አይካካስም። ለዚህ ነው መለኪያ ምሰሶ ተተክሎ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጋውንም ክረምቱንም በልጉንም፣ ሳይለካ ማንም «እዚህ ነፋስ አለ» ቢላችሁ ማመን የሌለባችሁ። አጎቴ የነፋሱን ሰዓትና አቅጣጫ ያውቃሉ፤ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ግን አውድማ አይነግረንም።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። የዘመኑ ተርባይን አንዱ ክንፉ ብቻ ከ50 ሜትር በላይ ይሆናል፣ አይታጠፍም፣ አይቆረጥም። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ ነው የሚመጣው። ሰኞ ዕለት የባቲን ገበያ አቋርጦ ሲያልፍ ይታያችሁ። እስከ ኮምቦልቻ እንበልና ተገፋ። ከዚያ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ማን ያስወጣዋል? ተሳቢ መኪና እንኳ ሐረጎ ጥምዝ ላይ ሲዞር ከላይ የሚመጣው ሰው ቆሞ ነው የሚጠብቀው፤ አንዳንዴ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማ ጋ ይቆማል። ለክንፉ ጥምዙ መስፋት አለበት፣ ያ ወጪ ደግሞ ውሉ ውስጥ መታየት አለበት። ትናንሽ ተርባይኖችን መምረጥ ይቻላል። ለምሳሌ አዳማ ላይ ያሉት እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው፣ አሰላ ላይ ያሉት ግን ከዚያ እጥፍ ይበልጣሉ። ትንሹ ለማጓጓዝ ይቀላል፣ ግን ለተመሳሳይ ኃይል ብዙ ማማ፣ ብዙ መሠረት፣ ብዙ መሬት ይጠይቃል።

ታዲያ ወሎ በምን ይመረጣል? በመስመሩና በቤት ውስጥ ባለው ገዢ። ቀደም ያልኳችሁ የኮምቦልቻ መነሻ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው።

ተርባይን ከመስመር አይቀድምም፣ ከውልም አይቀድምም

ኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይን ተከለች፣ 310 ሜጋዋት። እ.ኤ.አ. በ2017 ተርባይኖቹ ዝግጁ ነበሩ። ወደ ሱስዋ የሚወስደው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መስመር ግን እስከ መስከረም 2018 አልደረሰም። በውሉ መሠረት መንግሥት ላልተወሰደው መብራት ቅጣት ከፈለ። ከአንድ ዓመት በላይ ነፋሱ ነፈሰ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ሒሳቡ ቆጠረ።

አየርላንድና ብሪታንያ ደግሞ በተቃራኒው ወረቀቱ ላይ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ፤ በአየርላንድ መሃል አገር ተርባይን ተተክሎ መብራቱ ለብሪታንያ ሊሸጥ። ኩባንያዎች ከገበሬ ጋር ስለ መሬት መነጋገር ጀመሩ፣ መንደርተኛው ተቃወመ፣ ሁለቱ መንግሥታት በመጨረሻ ስምምነት ላይ አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ2014 ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። የመግባቢያ ሰነድ ውል አይደለም። ቀበሌያችሁ ስብሰባ ላይ «ከጅቡቲ ጋር ተፈራርመናል» የሚል ሰው ቢመጣ «የተፈረመው የግዢ ውል ነው ወይስ መግባቢያ?» ብላችሁ ጠይቁት።

መሬቱና ካሳው

ተርባይን ራሱ ብዙ መሬት አይበላም። አዳማ ላይ ገበሬው እስከ ማማው ሥር ድረስ ያርሳል። የሚበላው መሠረቱ፣ መንገዱና ማከፋፈያ ጣቢያው ነው። ችግሩ የሚመጣው ኩባንያው ከሚያስፈልገው በላይ ሲከልል ነው። የቱርካናው ማመንጫ 150,000 ኤከር ይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የሜሩ ፍርድ ቤት የባለቤትነት ሰነዱ ሕግን ተከትሎ አልተሰጠም ብሎ ፈረደ። ከብት አርቢዎቹ ናቸው የከሰሱት።

ሜክሲኮ ላይ የሲዬራ ሁዋሬዝ መሬት የገበሬ ማኅበር የጋራ ይዞታ ነው፤ ኩባንያው ይከራያል። በኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ማስለቀቅና ካሳ ነው። አዋጅ 1161/2011 ለዘለቄታው ለሚነሳና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላልተሰጠው ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይሰጣል፤ አዋጁ በ1336/2016 ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ማሻሻያውንም ሳታነቡ አትፈርሙ። የኔ ሐሳብ ግን የአንድ ጊዜ ካሳ ብቻውን አይበቃም ነው። ብሩ ያልቃል፣ ተርባይኑ ግን 20 እና 25 ዓመት ይዞራል። ከሽያጩ በየዓመቱ ለቀበሌው የሚገባ ትንሽ መቶኛ ይሻላል።

ትንሽ መቶኛ ስንት ነው? እናስላው። 100 ሜጋዋት ማመንጫ በጥሩ ቦታ በአማካይ የአቅሙን ሲሶ ያህል ቢያመነጭ በዓመት 290 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በኬንያው ዋጋ፣ በ6.5 ሳንቲም፣ 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣል። አንድ በመቶው 190 ሺህ ዶላር ነው፣ በየዓመቱ። ይሄ ስሌት እንጂ ተስፋ አይደለም፤ ግን ለስብሰባ ስትሄዱ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ክፍያው በዶላር ዋጋ መታሰቡንም አጥብቃችሁ ያዙ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ ብሩ ምን እንደሆነ አይተናል።

ከሁሉ በፊት የምጠይቀው

ልጅ ሆኜ ከቤታችን በላይ ትልቅ መስመር ያልፍ ነበር። ማታ ማታ ሲያጓራ እንሰማዋለን፣ እኛ ግን በኩራዝ ነበር የምናጠናው። እናቴ «ከላይ ያለው ለማን ነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ኤሌክትሪክ ስማር ነው የገባኝ። 230 ኪሎቮልት ላይ ሽቦ ቀጥሎ ቤት ማስገባት አይቻልም። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ተሠርቶ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎቮልት መውረድ አለበት፣ ከዚያ ሰፈር ትራንስፎርመር ይደርሳል። ጣቢያ ደግሞ ውድ ነው፤ መስመሩ ካለቀ በኋላ «ጨምሩልን» ብትል የሚሰማህ የለም። ማመንጫ የሚሠራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፣ ቤት የሚያደርሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለቱ ገና ዲዛይኑ ላይ ካልተነጋገሩ መሃል ላይ የሚወድቀው የተራራው ሰው ነው።

ነገር ግን የነፋስ ማመንጫ ሲሠራ ለራሱ ጣቢያ መትከሉ አይቀርም። እዚያው ላይ ለአካባቢው የሚወርድ አንድ ተጨማሪ ትራንስፎርመርና መውጫ መስመር ከመጀመሪያው ማካተት ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትንሽ ነገር ነው። በመጀመሪያው መንገድ፣ በቀጥታ መስመር፣ ይሄ እንዲሆን የሚገደድ ማንም የለም። በሁለተኛው ግን ግሪዱ የኛው ስለሆነ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛውን የመረጥኩበት ትልቁ ምክንያት ይሄው ነው።

ይሄን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና «እና ምሰሶውን መቼ ይተክላሉ?» አሉኝ። ገና ማንም የመጣ የለም አልኳቸው። «ሲመጡ በጥር ብቻ እንዳይለኩ ንገራቸው። ነሐሴ ላይ እዚህ ቅጠል አይነቃነቅም።» ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።